የባልትና ጋሪ በጎንደር፦ የፈቃድ ማስታወሻ

መስከረም አጋማሽ

አክስቴ በርበሬ፣ ሽሮና ቆሎ አዘጋጅታ ትሸጣለች። እስካሁን ደንበኞቿ ጎረቤቶቿና የጽዋ ማኅበር ጓደኞቿ ነበሩ። ዘንድሮ ሁለቱ ሴት ልጆቿ ቤት ለቤት እያዞሩ ሊሸጡላት ነው። እሷ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ማራኪ አካባቢ ጋሪ ይዛ መቆም ትፈልጋለች። የወረቀቱን ሥራ እኔ ያዝኩ።

ከመጀመሬ በፊት በንግድ ላይ ያሉ ሰዎችን ጠየቅሁ። አንዱ "ንግድ ፈቃድ ካላት ማንም አይነካትም" አለኝ። ሌላው "ለመንገድ ላይ ንግድ ፈቃድ የሚሰጥ የለም፣ አትልፋ" አለኝ። ሁለቱም ነገሩን በግማሽ ነው የያዙት። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጁ ቁጥር 980/2008 ነው፤ በ1150/2011 ተሻሽሏል። ጸንቶ የሚቆይ ፈቃድ ሳይይዙ መነገድን ይከለክላል። ፈቃዱ ግን የሚናገረው ስለ ንግዱ ነው። መንገዱ የከተማው ነው። የእግረኛ መንገድ ላይ የሚያቆም መብት ከንግድ ፈቃድ ጋር አብሮ አይመጣም።

ስለዚህ ደብተሬን ለሦስት ከፈልኩት፦ ማን፣ ምን፣ የት። ብዙ ሰው ችግር ላይ የሚወድቀው ሦስቱን አንድ ወረቀት ይመልሳቸዋል ብሎ ሲያስብ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጨርሶ፣ ብር ከፍሎ፣ ፈቃዱን ኪሱ አድርጎ አስፋልት ዳር ይቆማል። ከዚያ "ተነሳ" ይባላል። እሱም "ግብር እየከፈልኩ!" ብሎ ያዝናል። እውነቱን ነው፣ ያሳዝናል። የጎደለው ግን "የት" የሚለው ነው።

አንድ ነገር በጎን ልጥቀስ። የገዛ ምርቱን የሚሸጥ ገበሬ ሌላ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ራሱ ገበሬን ከነጋዴ ለይቶ ነበር የሚያየው። ቅዳሜ የዶሮዋን እንቁላል ይዛ የምትመጣ የገጠር እናትና እንቁላሉን ገዝታ አትርፋ የምትሸጥ የከተማ ሴት አንድ አይደሉም። ጉልት ላይ ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ብቻ እንደ አንድ መታየት የለባቸውም።

መስከረም መጨረሻ፦ ማን

የፋይዳ (ብሔራዊ) መታወቂያ አላት። የቀበሌ መታወቂያዋ ታድሷል። የቀረው ቲን፣ ማለትም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነበር። እዚህ ላይ ነው አክስቴ ያመነታችው። "ስሜ አንዴ ከገባ በኋላ ግብሩን ማን ይችለዋል?" አለችኝ።

ፍርሃቷ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በበርካታ ከተሞች ትንንሽ ነጋዴዎች ሱቃቸውን እስከ መዝጋት ደርሰው ነበር። ያ ወሬ እስካሁን በየቤቱ አለ። ስለዚህ ቁጭ ብለን ሒሳቡን ሠራን። በገቢ ግብር አዋጁ በ979/2008 መሠረት በዓመት ከ500,000 ብር በታች የሚሸጥ ግለሰብ ዝቅተኛው የግብር ከፋይ ደረጃ፣ ደረጃ "ሐ" ነበር። በ2017 ዓ.ም. አዋጁ ሲሻሻል ክፍፍሉ ተለውጧል። አሮጌው ሰንጠረዥ በየስልኩ ይዞራልና እሱን ይዞ ከመጨነቅ ገቢዎች ሄዶ አሁን በየትኛው እንደሚመዘገቡ መጠየቅ ይሻላል።

ያሳመናት ግን ሰንጠረዡ አይደለም። ደብተር ነው። ለግምት የሚጋለጠው መዝገብ የሌለው ሰው ነው። የዕለት ሽያጩንና ወጪውን በቀን በቀኑ የሚጽፍ ሰው ሲጠየቅ የሚያሳየው አለው። ትንሿ ልጇ አሥረኛ ክፍል ናት፤ ማታ ማታ ትጽፋለች። ዛላ በርበሬ የተገዛበት፣ ወፍጮ የተከፈለበት፣ ለማሸጊያ የወጣው ሁሉ ይገባል።

ሌላም ነገርኳት፦ ሥራው ቢቆም ፈቃዱን መመለስ ግዴታ ነው። ብዙ ሰው ጋሪውን ያቆምና ፈቃዱን መሳቢያ ውስጥ ይረሳዋል። ከዓመታት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለበት የሚያሳይ ወረቀት) ሲጠይቅ የተጠራቀመ ግብርና ቅጣት ይጠብቀዋል።

አሻራ ሰጠች፣ ቲን ወጣ። አድራሻም አላስቸገረንም። ቤቱ የራሷ ነው፣ ካርታ አለው። ተከራይ ብትሆን የኪራይ ውል ይጠየቅ ነበር። አከራይ ደግሞ ውል መፈረም ብዙ ጊዜ አይወድም። ለአዟሪ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይህ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሚዞር ሰው ቋሚ አድራሻ አምጣ ይባላል።

ጥቅምት፦ ምን

ንግድ ፈቃድ በጥቅሉ "ነጋዴ" ተብሎ አይሰጥም። በሥራ መደብ ነው፤ እያንዳንዱ መደብ የራሱ ኮድ አለው። ማምረት አንድ ነው፣ ጅምላ ሌላ፣ ችርቻሮ ሌላ። አሁን ምዝገባው ኢትሬድ በሚባለው የኦንላይን ሥርዓት ስለሚሠራ ኮዱን ቀድሞ ለይቶ መሄድ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

የአክስቴ ጉዳይ እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ነበር። የታሸገ ሽሮ ከሌላ ገዝታ ብትሸጥ ኖሮ ችርቻሮ ብቻ ነው። እሷ ግን ዛላውን ትገዛለች፣ ትቀነጥሳለች፣ ታሰጣለች፣ ቅመሙን ትደልዛለች፣ አስፈጭታ ታሽጋለች። ይህ ምግብ ማዘጋጀት ነው። ስለዚህ የብቃት ማረጋገጫ ይቀድማል። እሱ ሳይያዝ ፈቃዱ አይታሰብም።

የብቃት ማረጋገጫ ሲባል ሰው ይደነግጣል። እኔ ከሁሉም የወደድኩት ግን ይህን ክፍል ነው። ለማረጋገጫው የሚያየው ባለሙያ ቤት መጣ። ወጣት ነው፣ ሰው አክባሪ። "እናቴ፣ በርበሬውን የት ነው የሚያሰጡት?" ብሎ ጠየቃት። ግቢ ውስጥ ሰሌን ላይ እንደሆነ አሳየችው። ከመሬት ከፍ እንዲል ነገራት። ከታች እርጥበት ከሳበ ሻጋታ ይይዛል። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ነው። ቆልተውም ፈጭተውም አይጠፋም። አክስቴ ይህን ስትሰማ ዝም አለች። ከዚያ "እኔ እኮ ለልጆቼም ከዚሁ ነው የምሠራው" አለች። በማግስቱ ለስጡ የሚሆን የእንጨት አልጋ አሠራን።

ሌሎች የተጠየቁት እነዚህ ናቸው። የሥራ ክፍሉ ከመኝታ የተለየ ይሁን። ወለሉና ግድግዳው የሚታጠብ ይሁን። ውኃ ቅርብ ይሁን። ምግቡን የሚነካ ሰው ሁሉ የጤና ምርመራ ወረቀት ይያዝ። ጋዋንና የፀጉር መሸፈኛ ይኑር። ግድግዳውን ቀለም ቀባን፣ ወለሉን ሲሚንቶ አለስነው። ምርመራውን እናትና ልጆች አብረው አደረጉ።

ማሸጊያው ላይ የአዘጋጇ ስምና አድራሻ፣ በውስጡ ያለው ነገር፣ ክብደቱ፣ የተዘጋጀበትና የሚያበቃበት ቀን ይጻፋል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጁ 1112/2011 ነው፤ ለቤት ባልትናም ለትልቅ ፋብሪካም ምግብ ምግብ ነው። በርበሬ ውስጥ ቀይ አፈርና ጡብ ፈጭተው ሲቀላቅሉ የተያዙ ሰዎች ዜና በየጊዜው እንሰማለን። ገዢው ስለዚህ ይጠራጠራል። ስሟ የተጻፈበት ጥቅል ያንን ጥርጣሬ ይቀንሳል። ደፍራ ስሟን የምትጽፍ ሴት አፈር አትቀላቅልም።

ጥቅምት መጨረሻ፦ ጋሪው

ብየዳ ቤት አስይዘናል። ስኩዌር ቱቦ ለአጥንቱ፣ ላሜራ ለሣጥኑ፣ ከላይ ቆርቆሮ ክዳን።

ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ናት። ጋሪ ሲሠራ ይህ ቀድሞ መታሰብ አለበት። ኮብልስቶን ላይ ትንንሽ የብረት ጎማ ዕቃውን ያንቀጠቅጠዋል፣ የእጅ አንጓም ይጎዳል። በነፋስ የሚሞላ ጎማ አስገባን። ፍሬንም አስጨመርን። ብየዳው ሠራተኛ "ለጋሪ ፍሬን?" ብሎ ተገረመ። ቁልቁለት ላይ ያመለጠ ጋሪ ሰው ይገድላል።

ስፋቱ አንድ ሰው በሁለቱ ክንዶቹ መሐል የሚይዘው ያህል ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ እግረኛ መንገዱን ይዘጋል። ያኔ ምንም ወረቀት አያድንም። በጎኑ በፕላስቲክ የተሸፈነ ኪስ አሠራንለት፤ ንግድ ፈቃዱና የዋጋ ዝርዝሩ የሚለጠፍበት ነው። ፈቃድ በሚታይ ቦታ መሰቀል አለበት። ሱቅ ግድግዳ አለው፤ የጋሪ ግድግዳ ይህ ነው።

ኅዳር፦ የት

ፈቃዱ ወጥቷል። ነቢያት ጾም ኅዳር 15 ከመግባቱ በፊት ሽሮው መውጣት አለበት። በጾም የሽሮ ገበያ ከሌላው ጊዜ አይወዳደርም። ስለዚህ ቦታው ቶሎ መገኘት አለበት።

ፒያሳን መጀመሪያ አየን። ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ የከተማው መሐል ነው። ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የእግረኛ መንገዶች ላይ ጋሪ ማቆም አይታሰብም። ቅርቡ ደግሞ ፋሲል ግንብ ነው። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ግቢ ነው፤ ቅጥሩን ተጠግቶ ዕቃ መደርደር ማንም እንዲያደርገው አልፈልግም። እዚህ ላይ ከከተማው ጋር እስማማለሁ።

አራዳ ቅዳሜ ገበያ ሁለተኛው ሐሳብ ነበር። ገበያው የራሱ ሥርዓት አለው። ክፍያ ይከፈላል፣ ካርኒ ይቆረጣል። ካርኒው ትንሽ ወረቀት ነው፤ ግን መጣል የለበትም። በዚያ ቀን በዚያ ቦታ በሕግ እንደቆምሽ የሚመሰክርልሽ እሱ ነው። አክስቴ ግን ዛላውን የምትገዛው ከዚያው ገበያ ነው። በርበሬ ከሚመጣበት ቦታ በርበሬ ይዞ መቆም ትርፍ የለውም።

ማራኪ ቀረ። ዩኒቨርሲቲው አለ፣ መኖሪያ ቤት አለ፣ ከሥራ የሚወጣ ሰው በእግሩ ያልፋል። አንድ ቦታ መረጥን። ከእግረኛ መንገዱ ውጭ ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ ከጎርፍ መውረጃ ቱቦው የራቀ፣ የማንንም ሱቅ በር የማይዘጋ። ጎን ያለውን ባለሱቅ ጠየቅነው። እሱ ዘይትና ሳሙና ነው የሚሸጠው። "ይምጡ እንጂ፣ ለእኔም ሰው ይመጣልኛል" አለ። ይህ ፈቃድ ከየትኛውም ጽሕፈት ቤት ባይጠየቅም እኔ ከሁሉ በፊት የማስቀድመው ነው። አብዛኛው ክስ የሚነሳው ቤት ተከራይቶ ግብር ከሚከፍል ጎረቤት ሱቅ ነው። ቅሬታውም እውነት አለው።

ቦታውን ከከተማው የምንጠይቅበትን ማመልከቻ እንዲህ አድርገን ጻፍነው። ቦታው የት እንደሆነ በእጅ የተሠራ ንድፍ። የጋሪው ርዝመትና ስፋት፣ ከፎቶው ጋር። የምትቆምበት ሰዓት። ማታ ጋሪው እንደሚነሳና ቦታው እንደሚጠረግ። የንግድ ፈቃዱና የብቃት ማረጋገጫው ቅጂ። የባለሱቁ የስምምነት ፊርማ። "ቦታ ይሰጠኝ" ብቻ የሚል ወረቀት ለሚወስነው ሰው ሥራ ይጨምርበታል። ዝርዝሩ ያለበት ወረቀት ግን ተነብቦ "እሺ" ወይም "ይህን አስተካክሉ" ይባላል።

አንድ መስኮት ላይ ግን ተቸገርን። "ነገ" ይባላል፣ ነገ ሲኬድ "ኃላፊው ስብሰባ ናቸው" ይባላል። ለደሞዝተኛ ቀን ያልፋል። ለአክስቴ የአንድ ቀን ምልልስ የአንድ ቀን ገበያ ነው። ይህ አናደደኝ፤ ዛሬም ያናድደኛል። የረዳን አንድ ነገር ነው፦ ማመልከቻው መዝገብ ቤት ሲገባ በእኛ ቅጂ ላይ ገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፈን ነበር። ከዚያ በኋላ ጥያቄያችን "ይህ ቁጥር የት ደረሰ?" የሚል ሆነ። ፊት አይተው ሊመልሱን አልቻሉም።

መልሱ በደብዳቤ መጣ። ቦታው ጊዜያዊ ነው። ቋሚ ነገር አይተከልበትም፣ ማታ ይነሳል፣ ከተማው ለልማት ሲፈልገው ይለቀቃል። አክስቴ "ጊዜያዊ" የሚለውን ሰምታ ከፋት። እኔ ግን ደስ አለኝ። ከዚህ በፊት በቃል "ቁሚ ግዴለም" ተብለው በቃል የተነሱ ብዙ ሴቶች አውቃለሁ። አንዲት ጎረቤታችን ባለፈው ክረምት ላስቲክ አንጥፋ የምትሸጠው ሽንኩርትና ቃሪያ ተወስዶባት ቀርቷል። ምን ያህል እንደነበር፣ የት እንደገባ የሚገልጽ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አልተሰጣትም። ዕቃ ሲያዝ በዝርዝር ተጽፎ፣ ተፈርሞበት፣ አንዱ ቅጂ ለባለቤቱ ሊሰጥ ይገባል። ከአንዲት እናት እጅ የሚወሰድ ቃሪያም ቢሆን ንብረት ነው።

ኅዳር መጨረሻ፦ ቤት ለቤት

ጋሪው ቆሟል። አሁን የልጆቹ ተራ ነው።

ከተማችን ለአዟሪ እንግዳ አይደለችም። ሱቅ በደረቴው፣ ልዋጩ፣ ቆራሌው፣ ሎተሪ አዟሪው ሁሉ በየሰፈሩ ያልፋል። ቤት ለቤት ግን ከመንገድ ይለያል። የምታንኳኳው የሰው በር ነው። ባለቤቱ "አልፈልግም" ካለ ነገሩ አለቀ። ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ ጥበቃውና የነዋሪዎች ኮሚቴው ይቀድማሉ። ለኮሚቴዎቹ አጭር ደብዳቤ ከፈቃዱ ቅጂ ጋር ወሰድን። አንዱ ሕንፃ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ፈቀደ። ሌላው ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለው ይሽጡ እንጂ ፎቅ አይውጡ አለ። ሁለቱንም ተቀበልን።

ከልጆቹ ጋር የተስማማንባቸውን እዚህ ልጻፍ። ሁልጊዜ ሁለት ሆነው ይሄዳሉ። ከጨለመ በኋላ አይዞሩም። "ግቡ፣ ቡና ጠጡ" ቢባሉም ከደጅ አያልፉም፤ አክስቴ ይህ ነውር ይመስላል ብላ ተከራክራኛለች፣ እኔ ግን አልተውኩም። የልጆቹ ደኅንነት ከይሉኝታ ይበልጣል። አንገታቸው ላይ ስማቸውና የእናታቸው ንግድ ስም ያለበት መታወቂያ ይንጠለጠላል። የፈቃዱ ቅጂ ቦርሳቸው ውስጥ ነው። ቅድመ ክፍያ አይቀበሉም። ዋጋው ጋሪው ላይ ከተለጠፈው ጋር አንድ ነው። ለገዛ ሁሉ ደረሰኝ ይሰጣል፤ ስልክ ቁጥር አለበት።

ደረሰኙና ዋጋ ማሳወቁ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉዳይ ነው። ሸማች ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ለአዟሪ ይህ ጠቃሚ ነው። ሰው ከአዟሪ መግዛት የሚፈራው "ነገ የት አገኘዋለሁ?" ብሎ ነው። አንዲት ደንበኛ ሽሮው ጨው በዛበት ብላ ደወለች። ቀየርንላት። አሁን ጎረቤቶቿም ከእኛ ይገዛሉ።

ታኅሣሥ

አጭር ነገሮች። ሚዛኑን አስመረመርን፣ ምልክት ተደረገበት። ያልተመረመረ ሚዛን ይዞ ሕጋዊ ነኝ ማለት አይቻልም።

ፌስታል ትተናል። የፌስታል ክልከላው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። የወረቀት ከረጢት እንጠቀማለን፤ የራሱን ዕቃ ይዞ ለመጣ ትንሽ እንቀንሳለን። ብዙ እናቶች ጣሳ ይዘው መምጣት ጀምረዋል።

ልጆቹ በኢንተርፕራይዝ ስለመደራጀት ጠይቀዋል። በ2003 ዓ.ም. በወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ስትራቴጂ በአገልግሎት ዘርፍ "ጥቃቅን" የሚባለው እስከ 5 ሰው የሚሠራበትና ካፒታሉ ከ50,000 ብር ያልበለጠ ነበር። መደራጀት ለብድርና ለመሥሪያ ቦታ ይረዳል። አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) የነበረውና ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው ተቋም በዚህ መንገድ ለብዙዎች አበድሯል። ሆኖም የጋራ ብድር የጋራ ዕዳ ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች ለወረቀት ብለው ሲደራጁ አይቻለሁ፣ አልወደውም። አክስቴ ለጊዜው በግሏ ትቀጥል ብለናል።

ጥር መጀመሪያ

ጥምቀት ደረሰ። ከተራ ጥር 10 ነው። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ከተማው በሰው ይሞላል። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ እንግዳው ብዙ ነው። ቆሎ በዚያ ቀን የሚሸጠውን ያህል በሌላ ጊዜ አይሸጥም።

የማራኪው ደብዳቤ ግን ለዚህ አይሠራም። ለማራኪ ነው የተጻፈው። ስለዚህ ለበዓሉ ሰሞን ብቻ ሌላ ማመልከቻ አስገባን። ንድፉን በአዲስ ሠራነው፦ ታቦት ከሚያልፍበት መንገድ የራቀ፣ እሳት የሌለው፣ ለአምቡላንስ መተላለፊያ የማይዘጋ። አክስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማመልከቻውን ራሷ ይዛ ሄደች። ገቢ ቁጥሩንም ራሷ አስጻፈች።

ተፈቅዶልናል። ቆሎው ሦስት ዓይነት ነው፦ ገብስ፣ ስንዴና ሽምብራ፣ ሱፍ የተጨመረበትም አለ። ቀጥሎ ያለው ሥራ ሐምሌ ላይ ነው። ደብተሩ ይዘጋል፣ ግብሩ ይከፈላል፣ ክሊራንስ ይወጣል፣ ፈቃዱ ይታደሳል። እድሳቱ ያለ ቅጣት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ እኛ ግን ወረፋው ሳይበዛ በሐምሌ እንጨርሰዋለን። የማራኪው ደብዳቤ ከዚያ በፊት ጊዜው ያልቃልና የማደሻ ማመልከቻውን መጋቢት ላይ አስገባለሁ።